ተራው ወይስ ታርጋው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ሄልሲንኪ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ የሴቶች 10,000 ሜትር ሲጠናቀቅ አንደኛ የወጣችው ዲባባ ነበረች። ሦስተኛ የወጣችውም ዲባባ ነበረች። ሳምንት ቆይቶ በ5,000 ሜትርም ይኸው ተደገመ፤ አንደኛ ዲባባ፣ ሦስተኛ ዲባባ። የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ለሚቆጥር የውጭ ጋዜጠኛ ነገሩ ግራ ያጋባል። ለሯጮቹ ሀገር ለበቆጂ ሰው ግን ምንም የሚያደናግር ነገር የለውም፤ አንደኛዋ ጥሩነሽ፣ ሦስተኛዋ እጅጋየሁ፣ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ደግሞ የወንድማማቾች ተራ ደረሰ። በወንዶች 10,000 ሜትር ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ በቀለ አራተኛ ሆነው ገቡ፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ ገደማ ነው። «ነሐሱ የበቀለ ነው» ብሎ የመዘገበ ሰው ሜዳሊያውን ለማን እንደሚያጠልቅ ገና አላወቀም።

ይህ የተነሳው አሰላ ላይ ሩጫ ሳይጠቅሱ ንግግር መክፈት ነውር ስለሚመስል ብቻ አይደለም። የዛሬው ጉዳይም ከዚያው ወገን ነው። መልካቸው አንድ፣ ስማቸው አንድ፣ ዓይነታቸው አንድ የሆኑ ሁለትና ሦስት መሣሪያዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰክተው ሳለ፣ ባለሙያው «ያንኛውን» ብሎ እንዴት ይለያል? መሣሪያው መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ትንሽ ነገር ነው፤ ፕሮብ ይባላል። የሚለየውም በአንድ መስመር ትእዛዝ ነው።

ፕሮብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አድማጭ ከቤት ዕቃ መጀመር ይሻላል። የቅድመ ክፍያ መብራት ቆጣሪ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ የሶላር መብራት መቆጣጠሪያ፣ የመኪና ማንቂያ፤ እነዚህ ሁሉ ውስጣቸው ማይክሮኮንትሮለር የሚባል የጥፍር ያህል ቺፕ አለ። ቺፑ የሚታዘዘው በላዩ ለተጫነው ፕሮግራም፣ ማለትም ለፈርምዌሩ ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ታዲያ ፈርምዌሩን ማን ይጭንለታል? ሲሳሳትስ የት ላይ እንደተሳሳተ በምን ይታያል? በኮምፒውተሩና በቺፑ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮቡ ነው። አንድ ጫፉ ዩኤስቢ ላይ ይሰካል፤ ከሌላው ጫፉ ቀጫጭን ሽቦዎች ወደ ቦርዱ ይሄዳሉ። በእሱ በኩል ቺፑን ሥራ ላይ እያለ ማስቆም፣ ሜሞሪውን ማንበብ፣ ፕሮግራሙን አንድ አንድ እርምጃ ማስኬድ፣ አዲስ ፈርምዌር መጫን ይቻላል።

የአሠራሩ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሰባሰበ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ቡድን ነው። ቦርዶቹ እየጠበቡ፣ የቺፖቹ እግሮች እየቀጠኑ ሲመጡ የመሞከሪያ መርፌ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ። ቡድኑ መፍትሔውን ቺፑ ውስጥ ፈለገ፤ በጥቂት ሽቦዎች ከውጭ የሚጠየቅ በር እንዲበጅለት አደረገ። የቡድኑ ስም ምህጻር፣ ጄታግ፣ የዘዴውም ስም ሆኖ ቀረ። በ1990 ደግሞ 1149.1 የሚል ቁጥር ያለው ስታንዳርድ ሆኖ ታተመ። ኋላ አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ይህንኑ ሥራ በሁለት ሽቦ ብቻ የሚጨርስ ኤስደብሊውዲ የሚባል ዘዴ አመጣ፤ አንዱ ሽቦ መረጃውን፣ ሌላው ምቱን ይይዛል። ተማሪዎች «ብሉ ፒል» የሚሉት ሰማያዊ ቦርድም፣ የራስበሪ ፓይ ፒኮም በዚህ ዘዴ ይናገራሉ። ፕሮቡም ረክሷል። ራስበሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2023 የራሱን ፕሮብ ያወጣው በ12 ዶላር ነበር፤ ኤስቲ የተባለው ቺፕ አምራች ፕሮብ የሆነው የኤስቲ-ሊንክ ኮፒዎች ደግሞ ከዚያም በታች ይገኛሉ።

ችግሩም የመጣው ከዚህ ርካሽነት ነው። ዕቃው ውድ በነበረበት ዘመን አንድ ክፍል ውስጥ አንድ ፕሮብ ነበረ፤ «የትኛው?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። አሁን ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስትና አራት ይደረደራሉ።

ይህ ለአርሲ ምኑ ነው የሚል ካለ መልሱ ማሳው ላይ ነው። አሰላ መሣሪያ ለመሞከር አዲስ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሰዉ እስከ ዛሬ «ካዱ» እያለ ያነሳዋል። ካዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ብቻ አልነበረም ያመጣው፤ በበሬ የሚሳብ ማረሻና ጋሪም እያሠራ ይሞክር ነበር። በዚያው መስመር የሚሠራው የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል እዚሁ ከተማ ነው። ወደ ኢተያ ሲወጡ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ለሀገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና መዲና ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ የጀመረው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ደግሞ የደጋው ገብስ መሄጃ ሆኖ ኖሯል።

ስንዴና ገብስ ባሉበት ሁሉ የሚለካ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ «ዲገሉ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ በባሌና በአርሲ የግንድ ዋግ ሲያጠቃው፣ የብዙ ገበሬ ሰብል ማሳው ላይ ቀረ። ዋግ ቅጠሉ ላይ ዝም ብሎ አይነሳም፤ እርጥበቱ ለሰዓታት መቆየት፣ ሙቀቱም መመቸት አለበት። ቅጠል ስንት ሰዓት እርጥብ ሆኖ እንዳደረ የሚቆጥር ሴንሰር፣ የጎተራን ሙቀትና እርጥበት የሚከታተል ሌላ ሴንሰር፣ ሁለቱንም የሚያዛቸው ያው የጥፍር ያህል ቺፕ ነው። ሥራው ከሮኬት ሳይንስ የራቀ ነው። በኤሌክትሮኒክስ የተማረ ማንኛውም ወጣት ጥቂት ቦርድ፣ አንድ ላፕቶፕና ትዕግሥት ካለው ይሠራዋል።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ሁለት ሴንሰሮች ከአንድ ካርቶን ቢወጡም እኩል አያነቡም። አንዱ 70 ሲል ሌላው እዚያው ቦታ 74 ሊል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንሰር ከታመነ መለኪያ ጋር ተነጻጽሮ የራሱ ማስተካከያ ቁጥር ይወጣለታል፤ ቁጥሩም ከፈርምዌሩ ጋር እዚያው ቦርድ ላይ ይጫናል። የአንዱ ማስተካከያ ለሌላው አይሆንም። የሰው መነጽር እንደማድረግ ነው፤ ይታያል፣ ግን በትክክል አይታይም።

እስቲ አንድ ጠረጴዛ በዓይነ ሕሊና ይታይ። አሰላ፣ ከሰዓት በፊት፣ የጭላሎን ተራራ ደመና ጋርዶታል። አንዲት ወጣት ኢንጂነር ሦስት ቦርዶች አዘጋጅታለች፤ አንዱ ኢተያ፣ አንዱ ሳጉሬ፣ አንዱ በቆጂ ሊተከል። መልካቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ያለው ማስተካከያ ግን ይለያያል። ከእያንዳንዱ ቦርድ ጋር አንዳንድ ፕሮብ ተያይዟል። ፕሮቦቹ የጣት ያህል የሆኑ፣ የአሉሚኒየም ልባስ ያላቸው የኤስቲ-ሊንክ ኮፒዎች ናቸው። ሻጮች በቀይም፣ በሰማያዊም፣ በወርቃማም ያመጧቸዋል፤ የእሷ ግን ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ስለተገዙ ሦስቱም ቀይ ናቸው። የላፕቶፑ ቀዳዳ ስላልበቃ ሦስቱም ከግድግዳ ሶኬት ኃይል በሚወስድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል።

ዝርዝር አስወጣች። ኮምፒውተሩ 0፣ 1፣ 2 ብሎ ደረደራቸው። እያንዳንዱን ሞክራ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ 0 ኢተያ፣ 1 ሳጉሬ፣ 2 በቆጂ። ጫነች፣ ሠሩ። ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ማከፋፈያው ግን ጠፋ። ቡና እስኪጠጣ መብራቱ ተመለሰ፤ ሦስቱ ፕሮቦችም እንደ አዲስ ራሳቸውን አስመዘገቡ። የአንዱ ኬብል ትንሽ ላላ ያለ ስለነበር ዘግይቶ ተነሳ፤ ከፊት የነበረው ወደ ኋላ ሄደ።

እሷ ይህን በምን ታውቃለች? በኢተያው ፈርምዌር ላይ አንዲት ትንሽ ስህተት አርማ፣ በወረቀቷ መሠረት ወደ 0 ላከች። ፕሮግራሙ «ተጭኗል፣ ተረጋግጧል» አላት። አልዋሸም። ጭኗል፤ አረጋግጧልም። ያረጋገጠው ግን የሳጉሬው ቦርድ ላይ ነው። ቀይ ጽሑፍ አልወጣም፣ ድምፅ አልተሰማም፣ የቦርዱ መብራት እንደ ወትሮው ብልጭ ድርግም ይላል። የሳጉሬው መለኪያ በኢተያው መነጽር ማየት ጀመረ። ይህ ጠረጴዛ የታሰበ ነው፤ ስህተቱ ግን ከአንድ በላይ ፕሮብ የያዘ ሰው ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነው።

መናኸሪያ ሄዶ የሚያውቅ ሰው የተሳሳተውን ነገር ወዲያው ይረዳዋል። ተራ አስከባሪው ሚኒባሶቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ያሰልፋል፤ አንደኛው ሞልቶ ሲወጣ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል። ለመሳፈር ተራው ይበቃል። ሻንጣውን መኪና ውስጥ የረሳ ሰው ግን ማታ ተመልሶ «ሁለተኛ ተራ ላይ የነበረው» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው የለም፤ ታርጋውን ነው የሚጠየቀው። ተራ የሰልፉ ነው፣ ታርጋ የመኪናው። ወጣቷ ሻንጣዋን በተራ ፈለገች።

የኤስቲ ኩባንያ የራሱ የመጫኛ ፕሮግራም ሁለቱንም አማራጮች ጎን ለጎን ስለሚያቀርብ ለምሳሌ ይመቻል። (ትእዛዞቹ ኪቦርድ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ የሚቀርቡት አፍ እንደሚጠራቸው ነው።) በ«-ኤል» የተሰኩት ፕሮቦች ይዘረዘራሉ። ከዚያ በ«-ሲ» ግንኙነት ሲከፈት «ኢንዴክስ=0» ማለት ይቻላል፤ ይህ ተራው ነው። «ኤስኤን=» ብሎ የፕሮቡን ሲሪያል ቁጥር መጻፍም ይቻላል፤ ይህ ታርጋው ነው። ሁለቱም ካልተጻፉስ? ፕሮግራሙ 0ን ይወስዳል። ዝም ያለ ሰው ተራ 0ን እንደመረጠ ይቆጠርበታል ማለት ነው። ብዙው ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሲሪያል ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ራሱን ያስተዋውቃል። መጀመሪያ የአምራቹን ቁጥር ይናገራል፤ ለኤስቲ 0483 ነው። ቀጥሎ የምርቱን ዓይነት ይናገራል፤ ለኤስቲ-ሊንክ ሁለተኛው ትውልድ 3748 ነው። በመጨረሻ፣ ካለው፣ የራሱን ሲሪያል ይጨምራል። የሀገራችን ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም እንደሚጠራው ማለት ነው። ሦስቱ ቀይ ፕሮቦች ሁሉም 0483:3748 ናቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ዲባባ ናቸው። ጥሩነሽን ከእጅጋየሁ የሚለየው ሦስተኛው ክፍል ነው።

ኦፕንኦሲዲ በዚህ ሙያ ውስጥ አንጋፋው ነጻ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ዶሚኒክ ራት የተባለ ተማሪ ጀርመን ኦግስቡርግ ለመመረቂያው የጀመረው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ትእዛዙ እንደ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ በቅደም ተከተል ይፈጸማል። በ«-ኤፍ» የፕሮቡ ዓይነት ፋይል ይጠራል፣ በ«-ሲ» ውስጥ «አዳፕተር ሲሪያል» ተብሎ ቁጥሩ ይሰጣል፣ ቀጥሎ በሌላ «-ኤፍ» የቺፑ ፋይል ይከተላል። ቁጥሩ ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ቢመጣ ሰርግ ካለቀ የደረሰ ሚዜ ነው። ድሮ ለኤስቲ-ሊንክ የሚጻፈው «ኤችኤልኤ ሲሪያል» ነበር፤ በ2023 ከወጣው 0.12 ጀምሮ ለሁሉም ፕሮብ አንድ ወጥ ሆኖ «አዳፕተር ሲሪያል» ተባለ። አሮጌ መምሪያ ይዞ አዲስ ፕሮግራም የሚያዝ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው። ቁጥር ካልተሰጠው ኦፕንኦሲዲ መጀመሪያ ያገኘውን ተመሳሳይ ፕሮብ ይዞ ይሄዳል፤ አይጠይቅም።

ፓይኦሲዲ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ጠባዩ ሌላ ነው። ከአንድ በላይ ፕሮብ ካየና ምርጫ ካልተነገረው ዝርዝሩን አውጥቶ «የትኛውን?» ይላል። «-ዩ» ብሎ ሲሪያሉን ለሚሰጠው ደግሞ ሙሉውን እንኳ አያስገድድም፤ ከቁጥሩ ጥቂቱ አንዱን ለይቶ ካሳየ ይበቃዋል። ኤቪአርዱድ የተባለው የቆየ ፕሮግራም፣ በዩኤስቢ ለሚሠሩት የአትሜል መሣሪያዎች፣ በ«-ፒ ዩኤስቢ» አጠገብ የቁጥሩን መጨረሻ ቢሰጡት ከኋላ ወደ ፊት ያመሳስላል። ሰው ስልክ ቁጥርን በመጨረሻዎቹ አሃዞች እንደሚያስታውሰው ነው። ጄ-ሊንክ የሚባሉት ፕሮቦች ሲሪያላቸው ሆዳቸው ላይ ታትሞ ይመጣል፤ «-ዩኤስቢ» ብሎ ያንኑ መስጠት ነው። ጨዋ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ራስት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ፕሮብ-አርኤስ ሦስቱንም ስም በአንድ ላይ ይቀበላል። «--ፕሮብ» ብሎ 0483:3748 እና በሌላ ሁለት ነጥብ ሲሪያሉን ማስከተል ነው፤ ስም ከነአባት ከነአያት። ይህንኑ «ፕሮብ-አርኤስ-ፕሮብ» በሚባል የአካባቢ ተለዋዋጭ ላይ አስቀምጦ በየትእዛዙ ከመድገም ማረፍም ይቻላል። ይህ ምቾት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ጠዋት አንድ ተርሚናል ላይ የተቀመጠ ምርጫ ከሰዓት በኋላም እዚያው አለ፤ ባለቤቱ ረስቶታል፣ ተርሚናሉ አልረሳም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦርድ አንድ አጭር የትእዛዝ ፋይል ጽፎ «ኢተያ»፣ «ሳጉሬ»፣ «በቆጂ» ብሎ መሰየም ይሻላል። ሲሪያሉ ፋይሉ ውስጥ ይገባል፤ ሰው የሚጠራው የከተማውን ስም ብቻ ነው። አእምሮ የሲሪያሉን ሃያ አራት አሃዝ አይሸከምም፣ ከአዳማ ወደ በቆጂ ያሉትን ከተሞች ግን የአርሲ ልጅ በእንቅልፉም ይቆጥራቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚመሰገነው የትኛው ነው ቢባል፣ የሚጠይቀው ነው። መርጦ የሚሄደው ፕሮግራም አንድ ፕሮብ ላለው ሰው ይመቻል፤ ለሦስት ባለቤት ግን ያልጠየቀ አገልጋይ ነው፣ ወጡን በገዛ ግምቱ ያወጣል። ፋብሪካ ውስጥ ሃምሳ ቦርድ በሚጫንበት ቦታ ደግሞ መጠየቁም አይበቃም፤ መልስ የሚሰጥ ሰው ላይኖር ይችላል። እዚያ ትክክለኛው ባህርይ ሲሪያሉ ካልተገኘ ሥራውን አቁሞ ስህተት መናገር ነው። ሲሪያል የተጻፈበት ትእዛዝ ይህን በነጻ ያስገኛል፤ ፕሮቡ ካልተሰካ «አላገኘሁትም» ይላል እንጂ ጎረቤቱን አይወስድም።

አሁን መጥፎው ዜና። ታርጋቸው አንድ የሆኑ መኪኖች አሉ።

ርካሽ ኮፒዎችን የሚሠሩ አንዳንድ ፋብሪካዎች አንድ ፈርምዌር ለሁሉም ይገለብጣሉ፤ ሲሪያሉም አብሮ ይገለበጣል። ሦስት ፕሮብ ገዝቶ ሦስቱም አንድ ቁጥር ሲናገሩ ማየት ያናድዳል። ሌሎች ደግሞ ቁጥራቸው የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ «አዳፕተር ሲሪያል» ምንም አያግዝም። የሚቀረው መንገድ አድራሻ ነው።

አሰላ ውስጥ ቤት የሚጠቆመው እንዴት ነው? «ከመናኸሪያው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ሦስተኛው በር።» የቤት ቁጥር ቢኖርም ሰው የሚናገረው ይህንን ነው። ዩኤስቢም እንዲህ ያለ አድራሻ አለው። ኦፕንኦሲዲ ላይ «አዳፕተር ዩኤስቢ ሎኬሽን» ብሎ 1-2.3 ቢጻፍ፣ የመጀመሪያው የዩኤስቢ መስመር (ባስ)፣ ሁለተኛው ቀዳዳ፣ እዚያ ላይ ከተሰካው ማከፋፈያ ሦስተኛው ቀዳዳ ማለት ነው። መብራት ሄዶ ቢመጣ ቀዳዳው ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ ከተራ ቁጥር እጅግ ይሻላል። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። ጽዳት ሲደረግ አንድ ሰው ኬብሎቹን ነቅሎ አቀያይሮ ቢሰካቸው አድራሻው እንዳለ ነው፣ ነዋሪው ግን ተቀይሯል። ይህን መንገድ የሚጠቀም ሰው ማከፋፈያውን ጠረጴዛው ላይ በብሎን ማሰር፣ ኬብሉንም በቀለም ማመልከት አለበት። ወይም ደግሞ ሲሪያሉ ልዩ የሆነ ፕሮብ መግዛት።

ፕሮብ ያልያዘ፣ አርዱዊኖ ብቻ ያለው ተማሪ «ይህ እኔን አይነካኝም» ብሎ እንዳይቀመጥ። በርካሽ የአርዱዊኖ ኮፒዎች ላይ የሚገኘው ሲኤች340 የሚባለው የዩኤስቢ ቺፕ ብዙውን ጊዜ ጨርሶ ሲሪያል የለውም። ሊኑክስ ላይ እንዲህ ያሉ ሁለት ቦርዶች ሲሰኩ በመጡበት ተራ ዜሮና አንድ ይባላሉ፤ ነቅሎ መሰካት ብቻ ያቀያይራቸዋል። ሲስተሙ በስም ለይቶ የሚያስቀምጥበት «ባይ-አይዲ» የሚባለው አቃፊ ውስጥም ሁለቱ አንድ ስም ስለሚይዙ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። መፍትሔው አጠገቡ ያለው «ባይ-ፓዝ» ነው፤ እሱ በቀዳዳው ይጠራል። ኢኤስፒ32 ቦርድ ላይ ፈርምዌር የሚጭነው ኢኤስፒቱል ደግሞ «--ፖርት» ካልተባለ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እያንኳኳ ከሚመልስለት የመጀመሪያ ቦርድ ጋር ይሠራል። ለአንድ ቦርድ ባለቤት ትልቅ ምቾት ነው። ሁለት ላለው ግን የተዘጋ በር እያንኳኩ የከፈተልኝ ቤት ዘመዴ ነው እንደማለት ይሆናል።

ሁለት ፕሮቦችን በአንድ ጊዜ ማሠራት የፈለገ ሰው ሌላም ግድግዳ ይገጥመዋል። ኦፕንኦሲዲ ሲነሳ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያነጋግሩበት ሦስት የኔትወርክ በሮች (ፖርቶች) ይከፍታል፤ 3333 ለጂዲቢ፣ 4444 ለቴልኔት፣ 6666 ለቲሲኤል። ሁለተኛው ኦፕንኦሲዲ ሲሪያሉ በትክክል ተነግሮት ሲነሳ እነዚያው በሮች ተይዘው ያገኛል፤ ይወድቃል። ሰውዬው ፕሮቡ ተበላሽቷል ብሎ ኬብል መቀየር ይጀምራል። ፕሮቡ ጤነኛ ነው። ለሁለተኛው የተለየ የበር ቁጥር መስጠት ብቻ ነበር የቀረው፤ ለምሳሌ ለጂዲቢው 3334፣ ሌሎቹንም እንዲሁ።

አንድ ነገር ገና ይቀራል፤ ብዙ መምሪያዎች የሚዘሉት ነው። ፕሮቡን በትክክል መምረጥ ቦርዱን በትክክል መምረጥ አይደለም። ፕሮቡ ፈረስ ነው፣ ቦርዱ ፈረሰኛ። ሽቦዎቹን ሌላ ሰው ነቅሎ ሌላ ቦርድ ላይ ቢሰካቸው ሲሪያሉ ያው ነው፤ ትእዛዙም ያለ ቅሬታ የተሳሳተ ቦርድ ላይ ይጭናል። ደግነቱ የኤስቲ ኩባንያ ኤስቲኤም32 ቺፖች ከፋብሪካ ሲወጡ የራሳቸው የሆነ 96 ቢት መለያ ይዘው ይወጣሉ፤ ማንም አይለውጠውም። የመጫኛው ፋይል መጀመሪያ ይህን ቁጥር በፕሮቡ በኩል አንብቦ፣ ለኢተያ ከተመዘገበው ጋር አስተያይቶ፣ ካልገጠመ እንዲያቆም ማድረግ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው። የሚጻፈው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚጠብቀው ግን በየጭነቱ ነው።

ያቺ ወጣት ይህን ሁሉ አድርጋ ቢሆን ኖሮ መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ ሄዶ ሲመለስ ምን ይፈጠር ነበር? የኢተያውን ፋይል ትጠራለች። ፋይሉ ሲሪያሉን ይዞ ይፈልጋል፤ ፕሮቡ አሁን ተራው ስንተኛም ቢሆን ያገኘዋል። የቺፑን 96 ቢት ያነባል፣ ይገጥማል፣ ይጭናል። ኬብሉ የላላው ፕሮብ ገና ካልተነሳ ደግሞ ትእዛዙ ስህተት ይናገራል፤ እሷም ኬብሉን ጠበቅ አድርጋ እንደገና ትሞክራለች። ምሳ ሰዓት አያልፍባትም።

እንግዲህ ከአንድ በላይ ፕሮብ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ በአንድ ብቻቸውን ሰክታችሁ ሲሪያላቸውን አንብቡ። ሁለቱ አንድ ቁጥር ከተናገሩ አንዱን ለይታችሁ አስቀምጡት። የቀሩትን የመጨረሻ አራት አሃዞች በነጭ ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ጀርባቸው ላይ ለጥፉ፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቶሎ ይለቃል፣ ማርከር ይሻላል።